ዋንዛውን ለማሲንቆው ተዉለት

ከመካከላችን አንዱ የንፋስ መውጫ ልጅ ነው። ስሙን አንጠራም፤ ስሙ ከወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጊታሩስ የት ደረሰ?» እያለ መድረሻ ያሳጣዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ኤሌክትሪክ ጊታር በገዛ እጁ ሊሠራ ተነሣ። መግዛት አቅቶት ብቻ አይደለም (እርግጥ አቅቶታልም፣ ማን ያላቃተው አለ?)። ሌላ ሰው እጅ ላይ የሌለ፣ የራሱ ብቻ የሆነ ጊታር አማረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያነብና ሲጠይቅ ከረመና አንድ ቀን ማኪያቶው እየቀዘቀዘበት አንድ ዝርዝር አወጣልን፦ አካሉ ከማሆጋኒ፣ ከላይ የሚለበጠው ከሜፕል፣ የጣት ሰሌዳው ከሮዝዉድ ወይም ከኢቦኒ (በእኛ ዞጲ የሚባለው)።

«ከእነዚህ ውስጥ እናንተ አገር የሚበቅለው የትኛው ነው?» አልነው።

«አንዱም» አለ።

«ታዲያ?»

«ዋንዛ አስቤአለሁ። የአያቴ ቤት የድሮ በር አለ።»

እዚህ ላይ ብንስቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። አልሳቅንም። ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዘን ወጣን፤ ለመሆኑ ጊታር የሚያምረው በእንጨቱ ነው ወይ? ትንሽ ጥያቄ መስሎን ነበር። ከጊታር ተነሥተን ማሲንቆ ጋ፣ ከማሲንቆ ተነሥተን ደን ውስጥ ገባን። የሄድንበትን መንገድ እንዲህ እንተርክላችሁ።

መጥበሻውና ግንዱ

ለገበያ ቀርቦ የተሳካለት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ከአሉሚኒየም። ጆርጅ ቦሻም የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1931 አሰበው፤ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆነው በዓመቱ ለገበያ አወጡት። ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ የወጥ ቤት ዕቃ ስለሚመስል ሰው «መጥበሻው» አለው፤ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ዓይነት ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ ሰው በእንጨት ዘር ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከርበት መሣሪያ ሲጀመር እንጨት አልነበረውም።

ቀጥሎ ሌስ ፖል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ የፓይን ግንድ ወስዶ ክር ወጠረበት። ስሙንም «ግንዱ» አለው። ጊታር እንዲመስል ደግሞ የሌላ ጊታር አካል ለሁለት ሰንጥቆ በግራና በቀኙ ለጠፈበት። ለድምፁ የሚያስፈልገው ግንዱ ነበር፤ ክንፎቹ ለዓይን ነበሩ።

ሦስተኛው ሰው ሊዮ ፌንደር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው እንጂ ጊታር ተጫዋች አልነበረም። የመጀመሪያ ሙከራው ከፓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ሲወጣ ግን አካሉን ከአሽ፣ አንገቱን ከሜፕል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተርም መጀመሪያ ከአሽ ይሠራ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው ወደ አልደር ዞረ። ለምን? አልደር በቅርብ ይገኛል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀለምም በቀላሉ ይቀበላል። ጊብሰን ደግሞ ቀድሞም የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ስለነበር መጋዘኑ ውስጥ ማሆጋኒና ሜፕል ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሌስ ፖል የሚለውን ሞዴል ከእነዚሁ ሠራ።

እንዲህ ስናየው፣ ዛሬ «የድምፅ እንጨት» እየተባሉ የሚከበሩት ዛፎች በአንድ ወቅት በየሠሪው ደጃፍ የነበሩ ጣውላዎች ናቸው። በኋላ ጥሩ ሙዚቀኞች ተጫወቱባቸው፣ ጥሩ ዘፈኖች ወጡባቸው፣ እንጨቶቹም አብረው ከበሩ።

ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው ፊቱ ፈካ። የባሰ ደስ ያለው ግን የብራያን ሜይን ታሪክ ሲሰማ ነው። የክዊን ጊታሪስት ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከአባቱ ጋር ሆኖ የራሱን መሥራት ጀመረ። አንገቱን የጠረቡት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ማስጌጫ ማሆጋኒ ነው። እንጨቱን ብል በልቶት ስለነበር ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ለአካሉ የአሮጌ ጠረጴዛ ኦክ ገባበት፤ የሞተር ሳይክል ስፕሪንግ ገባበት፤ የጣት ሰሌዳው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች የእናቱ የልብስ ቁልፎች ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው የክዊን ዘፈኖች የተጫወቱት በዚያ ጊታር ነው።

«በሉ፣ የአያቴ በር አለፈለት!» አለ ልጁ።

ቆይ፣ አልነው። ገና አልጨረስንም።

የጊታሩ ጆሮ

የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ ፒክአፕ ይባላል። ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ከበላዩ የተወጠረው የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ ናውጡ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ኤሌክትሪኩ አምፕሊፋየር ገብቶ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማግኔቱ የሚሰማው ብረቱን ነው። እንጨቱ ድምፁን የሚነካው በተዘዋዋሪ ነው፤ ክሩ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚርገበገብ ጥቂት ይወስናል። ክሩ፣ ፒክአፑ፣ ፒክአፑ ከክሩ ያለው ርቀትና አምፕሊፋየሩ ግን ከእንጨቱ ዘር ይልቅ ድምፁን ይለውጡታል።

ሆዱ ክፍት የሆነው ተራ ጊታር እንኳ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባቸውና ጎናቸው ከተለያየ እንጨት የተሠሩ፣ በሌላው ሁሉ አንድ የሆኑ 6 ጊታሮች አስመጡና ለ52 ጊታሪስቶች ሰጡ። ተጫዋቾቹ እንጨቱን እንዳያዩ የበያጅ መነጽር አደረጉላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ውዱን ከርካሹ የሚያስበልጥ አልሆነም፤ ሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ አገኙ።

ታዲያ እንጨት ለኤሌክትሪክ ጊታር ምኑም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። የብረት ክሮቹ ተደምረው አንገቱን ከ40 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይጎትቱታል። እንጨቱ ካልደረቀ ይጣመማል፤ ከተጣመመ መቃኘት ቀረ። ከከበደም ሁለት ሰዓት መድረክ ላይ የቆመ ሰው ትከሻውን ይናገር። እንጨቱ ደረቅ፣ ቀጥ ያለና የማይከብድ መሆን አለበት። ከዚያ ያለፈው በአብዛኛው የዓይንና የልብ ጉዳይ ነው።

የዝማሬ አገር

አሁን ወደ ንፋስ መውጫ እንሂድ። ከተማዋ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስሟን ማን እንዳወጣላት ለመጠየቅ ከመኪና መውረድ ብቻ ይበቃል፤ ንፋሱ ራሱ ይመልስላችኋል። ወደ ምዕራብ ጉና ይታያል። ከጉና ማዶ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። በዚህ አገር «መሣሪያ ሠሪ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ያ ነው።

ጋይንት ግን ሌላም ስም አለው። ድጓ ሊመሰክር የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከየትም ቢመጣ መድረሻው የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ዝማሬ መዋስዕት የሚፈልገው ደግሞ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅዱስ ያሬድ ራሱ አስተምሮበታል የሚባል ቦታ ነው። እኛ ከተሜዎች ሙዚቃ አዲስ አበባ የተወለደ ይመስለናል። የዜማ ዩኒቨርሲቲው ግን እዚያ፣ ብርድና ንፋስ ላይ፣ ደበሎ ለብሰው ቆሎ በሚቆረጥሙ ተማሪዎች መካከል ነበር፤ አሁንም አለ።

ዝማሬ እና አዝማሪ የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው ግስ የመጡ ናቸው። ደብተራው ከውስጥ፣ አዝማሪው ከውጭ። የሁለቱም መሣሪያ የሚወጣው ግን ከአንድ ዛፍ ነው፤ ከዋንዛ። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ተቦርቡሮ በቆዳ የሚለጎመው ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ግንድ ነው። የበገናው ገበቴ፣ የክራሩ ሆድ፣ የማሲንቆው ሳጥን እንዲሁ። ምክንያቱን ማንኛውም አናጺ ይነግራችኋል። ዋንዛ ቀላል ነው፤ መጋዝና መላጊያ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ድንጋይ ነው፤ ዘነዘና እንጂ ማሲንቆ አይሆንም።

አንድ አስገራሚ ነገር እንጨምር። ንፋስ መውጫ ላይ ዋንዛ አይበቅልም። ዋንዛ ብርድ አይወድም፤ ከ2,600 ሜትር በላይ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የላይ ጋይንት ሰው ዋንዛ ሲያምረው ዓይኑን የሚጥለው ወደ ታች ነው፤ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ እስቴ ወይና ደጋ። የጓደኛችን አያት በርም ከዚያ ተገዝታ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ የወጣች ናት። ላይኛው አገር የሚዘመርበት ከበሮ ከታችኛው አገር ዛፍ ነው ማለት ነው።

ጊታር ሲገባ

በአገራችን የዘመናዊ ባንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአርባዎቹ አርመናውያን ልጆች ነው፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው። እነሱ የመጡት የናስ መሣሪያ ይዘው ነበር። ጊታሩ ቆይቶ፣ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ዘመን፣ በኋላም በሆቴል ባንዶች ጊዜ ገነነ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የቤልጂግ ኩባንያ እንደገና ሲያሳትመው የአውሮፓ ጆሮ ቆመ። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም (ሰላሚኖ) በካሴት ዘመን ያደግን ልጆች ሁሉ ስሙን ሳናውቅ የሰማነው እጅ ነው። ጊታሮቹ የውጭ ነበሩ። እንጨታቸው አሽም ይሁን ማሆጋኒ፣ የሚወጣው ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ነበር።

ከዚያ ክራሩ ለጊታሩ አጸፋ መለሰ። ሠሪዎች ክብ ሆዱን ትተው በጠፍጣፋ እንጨት ላይ የብረት ክር ወጥረው ፒክአፕ ገጠሙለትና ኤሌክትሪክ ክራር ተወለደ። መሠለ አስማማው በኤሌክትሪክ ክራር ከአውሮፓ ነጻ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር ሲፋለም፣ ተመስገን ዘለቀ ለንደን ላይ በክራር ኮሌክቲቭ ሲያስጨፍር የሰማ ሰው ያ ድምፅ ከአምስትና ከስድስት ክር መውጣቱን ይጠራጠራል። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ በቆየበት ጊዜ ክራርን የማዘመን ሥራ ይዞ ነበር።

ማሲንቆና በገና ግን በዚህ መንገድ መሄድ አይችሉም። ለምን? የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ የበገና ክር የበግ አንጀት ነው። ማግኔት ጭራንና አንጀትን አይሰማም! በፒክአፑ ዘንድ ማሲንቆ ዱዳ ነው። ስለዚህ ማሲንቆ መድረክ ላይ ሲወጣ ማይክ ይቀርብለታል ወይም የቆዳውንና የሳጥኑን ንዝረት የሚያዳምጥ መሣሪያ ይለጠፍበታል። ድምፁ የሚወለደው እዚያው፣ አራት ስስ ጣውላና ቆዳ በፈጠሩት ባዶ ሆድ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር እንጨቱን ቢቀይር የሚያጣው ትንሽ ነው። ማሲንቆው ግን ሳጥኑ ወፍራምና ከባድ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል።

ይህን ስናውቅ የአያቱ በር ጉዳይ መልኩ ተቀየረ።

ዛፉ የት ሄደ?

አሁን ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ ዛፍ አይደለም። የሽግግር መንግሥቱ በ1986 ዓ.ም. ያወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው አራት ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ደኑ በእርሻና በማገዶ ሲያልቅ ቦታቸውን የወሰደው በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ቤት የሚሠራበት፣ የሚሞቅበት፣ ተሽጦ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላክበት እሱ ነው። ማሲንቆ ብቻ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

የአገሩ ዛፍ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ደቡብ ጎንደርን ከከፍታ ላይ ያያት ሰው የታረሰ መሬት መካከል ጠብ ጠብ ያሉ አረንጓዴ ደሴቶች ያያል፤ እያንዳንዱ ደሴት መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናቱ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግቧል። የዜማው ቤት የዛፉም ቤት ሆነ ማለት ነው። ግን ከዚያ ቆርጦ ማሲንቆ መሥራት አይታሰብም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። ዛፎቹ የቆሙትም ነውር ስለሆነ ነው።

ዓለምም በዚሁ ችግር ውስጥ ናት። የጊታር ሠሪዎች የሚሳሱለት የብራዚል ሮዝዉድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ተከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሮዝዉድ ዘሮች በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ ገቡና ጊታር ይዞ ድንበር መሻገር የሙዚቀኛ ራስ ምታት ሆነ፤ ለተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተላላው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጊብሰንም ከማዳጋስካር በመጣ ኢቦኒ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009 በፌዴራል መርማሪዎች ተፈትሿል። ከደጃቸው ባለው ጣውላ የጀመሩ ሰዎች የሰው አገር ደን እስከ ማራቆት ደረሱ።

በሩ

የአያቱን በር ሄደን አየናት። በቆርቆሮ በር ተተክታ ከቤቱ ኋላ የዶሮ ቤት መክደኛ ሆናለች። ግማሿ ለማገዶ ሄዷል፤ ጠርዟ በዝናብ በስብሷል። ደህና የቀረው ክፍል የአንድ ጊታር አካል ያወጣል፣ ከዚያ ብዙም አይተርፍም። ውፍረቷ አራት ጣት ይሞላል። ጓደኛችን በእጁ አበሰ አበሰና ጭቃው ሲለቅ ያ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ብቅ አለ። ዝም አልን።

ከዚያ እርሳስና ወረቀት አወጣን። የጊታር አካል 45 በ33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል። ይኸው እንጨት በመጋዝ ቢሰነጠቅ ቢያንስ ሦስት ስስ ጣውላ ይወጣዋል። ከሦስቱ ጣውላ ደግሞ በእኛ ስሌት የሦስት ማሲንቆ ሳጥን፣ ምናልባትም የአራት ይወጣል። በጊታሩ ውስጥ ይህ እንጨት ክብደት ተሸክሞ ዝም ይላል። በማሲንቆው ውስጥ ይናገራል።

ልጁ ተናደደ። «የአያቴ በር ናት እኮ!» አለ። ልክ ነበር። ማንም ሰው የራሱን ቅርስ በሰው ስሌት ማጣት አይወድም። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ፤ አንዳችን «ለምን ሁለቱንም ትቶ በሩን መልሶ አይሰቅላትም?» እስኪል ድረስ። ጠዋት ላይ ግን ራሱ መጋዝ ተበድሮ መጣ።

በሯ ደብረ ታቦር አካባቢ ወደሚሠራ አንድ የማሲንቆ ባለሙያ ሄደች። ሰውየው እንጨቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ፤ «ይኼስ ደርቋል» አለ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም። ስንት ዓመት እንደ ደረቀ ብንነግረውም ኖሮ ያው ነበር የሚለው።

ለጊታሩ ባሕር ዳር ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ሁለት የግራቪሊያ ጣውላ ገዛን። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በየመንገዱ ዳርና በየግቢው የሚተከል ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ ደን አይራቆትም፤ በአገሩ ጊታር ይሠሩበታል። ሁለቱ በኮላ ተጣብቀው አካሉ ይሆናሉ። ለአንገቱ ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ተራ የተገኘ የቀረሮ አልጋ ቋሚ አለ፤ በውስጡ የብረት ዘንግ ይገባበታል፣ ክሩ እንዳያጎብጠው። ለጣት ሰሌዳው የሮዝዉድን ቦታ ወይራ ይዞታል፤ ከተሰነጠቀ የእናቱ ዘነዘና የተላገ። (እናቱ ሰምተው አንድ ቀን ሙሉ አኩርፈዋል።) ፒክአፑን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣዋል ተብሏል። ዘመድ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ «በሚቀጥለው ወር» ነው።

የመጀመሪያው ማሲንቆ አልቆ ሲመታ ሰምተነዋል። እንዴት ነበር ብላችሁ አትጠይቁን፤ ስለ ድምፅ ይህን ሁሉ ጽፈን እሱን መግለጽ አልቻልንም። ጓደኛችን ብቻ አንገቱን አቀርቅሮ ቆይቶ «በሩ ሲከፈት እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለ።

ጊታሩ? ቆጥ ላይ ነው፤ እየደረቀ።